የወሎ ኦፓል፦ የደላንታው ድንጋይ ከየትኛው ወገን ነው?

የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ደረቁን ድንጋይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብትጥሉት ጥቃቅን የአየር አረፋ እየለቀቀ ነጭነቱ ይሳሳል፤ ጥቂት ቆይቶም ከኋላው ያለውን ነገር አሳልፎ ማሳየት ይጀምራል። ሲገዛ ዓይን ይስብ የነበረው አረንጓዴና ቀይ ፍንጣቂም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይደበዝዛል። ደሴ ላይ የኦፓል ቀለበት ገዝቶ፣ ዕቃ ሲያጥብ ይህ የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መታለሉን ነው። አልተታለለም። ድንጋዩን ጥላ ውስጥ ቢተወው ውሃው ቀስ እያለ ይወጣና ቀለሙ ይመለሳል። ትንሹ በሰዓታት ይደርቃል፣ ትልቁ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ኦፓል የማዕድን አጥኚዎች ሃይድሮፌን ይሉታል። ምክንያቱ በድንጋዩ ውስጥ ያሉት፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ናቸው። ድንጋዩ ደረቅ ሲሆን ቀዳዳዎቹን አየር ይሞላቸዋል፤ አየርና ድንጋይ ደግሞ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን በጣም ስለሚለያይ ብርሃኑ በየቀዳዳው ይበተናል፣ ድንጋዩም ነጣ ብሎ ይታያል። ውሃ አየሩን ሲተካ ልዩነቱ ይጠብና ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል። ቆፋሪዎችና ነጋዴዎች ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ደረቁ ድንጋይ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ሚዛንም ይመሰክራል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የወገልጤና ኦፓል ሲመዘን ከ1.74 እስከ 1.89 ግራም አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ የአውስትራሊያው 2.1 ግራም ገደማ ነው፣ ቀዳዳ የሌለው ኳርትዝ ደግሞ 2.65።

የሚወጣው ከደቡብ ወሎ፣ ከደላንታ ወረዳ ነው። ከወገልጤና ከተማ አቅራቢያ፣ ፀሐይ መውጫ ከሚባለው መንደር በታች ያለው ገደል ስሙን በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ያስጠራው በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ነው። የአካባቢው ሰዎች ያገኙት ድንጋይ በወራት ውስጥ ደሴ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ አሜሪካና ሕንድ ደረሰ። ደላንታ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ያለ ደጋ ነው፤ በደቡብ በኩል የበሽሎ ሸለቆ ከመቅደላ ይለየዋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ ደጋ ነው። በዚያው ዓመት ተከትሎ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦርም እዚያው ሰፍሮ ነበር። መድፉ ያልፍ ዘንድ ስንት አለት በተፈለጠበት አገር፣ ኦፓሉ ከደጋው ጫፍ ብዙ ዝቅ ብሎ በገደሉ ፊት ላይ ተደብቆ ቀረ።

ገደሉ ራሱ መነበብ ያለበት ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈነዱ እሳተ ገሞራዎች የተቆለለ ነው፤ ጥቁሩ ባዛልትና ከጋለ አመድ የተጋገረው ኢግኒምብራይት እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። ኦፓሉ የሚገኘው በዚህ ሁሉ ቁልል መካከል ባለ አንድ ስስ ንጣፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ቤንጃሚን ሮንዶ የተባሉት ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ስለ ድንጋዩ የመጀመሪያውን ሰፊ ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. «ጄምስ ኤንድ ጀሞሎጂ» በተባለው መጽሔት አወጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ንጣፉ እንዴት እንደተፈጠረ የሚያስረዳ ሌላ ጥናት አከሉ። ግኝታቸው ያስገርማል። ንጣፉ በዘመኑ አፈር ነበር። አንዱ ፍንዳታ ካለፈ በኋላ አመዱ ዝናብ እየጠገበ በሰበሰ፣ ተክል በቀለበት። ከአመዱ የተሟሟው ሲሊካ ወደ ስንጥቅና ወደ ክፍተት ሁሉ ገብቶ ረጋ። ከዚያ የሚቀጥለው ፍንዳታ መጥቶ ሁሉንም ቀበረው። በአንዳንዱ የደላንታ ኦፓል ውስጥ ዛሬም የተክል ቅሪት የሚታየው ለዚህ ነው። በእኔ ግምት ከቀለሙ ይበልጥ ሊያስደንቀን የሚገባው ይህ ነበር፤ ገዢዎች ግን ተክል ያለበትን ድንጋይ እንደ ጉድለት የሚቆጥሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ምደባው እንምጣ። ኦፓል በኬሚስትሪው ከአሸዋና ከኳርትዝ የተለየ አይደለም፤ ሲሊካ ነው፣ ውሃ የተቀላቀለበት። ኳርትዝ ግን ክሪስታል ነው፣ አተሞቹ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሥርዓት ተሰልፈዋል። ኦፓል ይህ ሥርዓት ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ብዙ መጻሕፍት ሙሉ ማዕድን ብለው አይጠሩትም፣ ከማዕድን መሰሎች ይመድቡታል። በ1971 እ.ኤ.አ. ጆንስና ሴግኒት የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኦፓሎችን በኤክስሬይ እያዩ በሦስት ከፈሏቸው። ኦፓል ኤ ምንም ዓይነት የክሪስታል ሥርዓት የለውም፤ የአውስትራሊያው ዝነኛ ኦፓል ከዚህ ወገን ነው፣ የሚገኘውም በደለል አለት ውስጥ ነው። ኦፓል ሲቲ ክሪስቶባላይትና ትሪዲማይት የሚባሉት የሲሊካ ዓይነቶች ጅምር ሥርዓት ይታይበታል፤ የሜክሲኮውና የወሎው፣ ባጠቃላይ የእሳተ ገሞራ ኦፓሎች፣ በአብዛኛው እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው ኦፓል ሲ ነው፤ ጌጥ ገበያ ላይ ስለማያጋጥመን እንለፈው።

ቀለሙ ከየት መጣ? ድንጋዩ ውስጥ የተበተነ ቀለም የለም። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ይህ እንቆቅልሽ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ሳንደርስ የአገሩን ኦፓል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ጉሊት ላይ እንደተከመረ ብርቱካን ረድፍ በረድፍ የተደረደሩ የሲሊካ ድቡልቡሎች አየ። የአንዱ ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ይሰለፋሉ ማለት ነው። በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ የገባው ነጭ ብርሃን ተሰነጣጥቆ ይወጣል። ድቡልቡሎቹ ትንንሽ ከሆኑ የሚወጣው ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ተለቅ ካሉ ቀይም ይጨመራል። ቀይ የሚፈነጥቅ ኦፓል ከሰማያዊው የሚወደደው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ድቡልቡሎቹ እኩል ካልሆኑ ወይም በዘፈቀደ ከተከማቹ ምንም ፍንጣቂ የለም፣ ተራ ኦፓል ይሆናል፤ ከደላንታ ከሚቆፈረውም አብዛኛው ተራ ነው። በወሎው ድንጋይ አንዳንዴ ቀለሙ እንደ ቀጫጭን ዓምዶች ተሰልፎ፣ በመካከሉ ቀለም የሌለው መረብ ገብቶ ይታያል። ይህ መልክ በፋብሪካ የሚሠራው ኦፓል ላይ ስለማይታይ ድንጋዩ የተፈጥሮ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው።

የምደባው ነገር የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት። ደላንታን ግን ዋጋ አስከፍሏታል። ከወሎው በፊት ዓለም የሚያውቀው የኢትዮጵያ ኦፓል የሰሜን ሸዋው ነበር፤ ከመንዝ፣ ከመዘዞ አካባቢ በ1986 ዓ.ም. ገደማ ገበያ ላይ የወጣው። እሱ በድቡልቡል አለት እምብርት ውስጥ የሚገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ወይም ብርቱካናማ የሆነ ድንጋይ ነው፤ ቀለሙ ያምራል፣ ነገር ግን አብዛኛው ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። የገዙ ሰዎች ተናደዱ፣ «የኢትዮጵያ ኦፓል ይሰነጠቃል» የሚለው ወሬም ተዛመተ። የወሎው ሲመጣ የሸዋውን ስም ወረሰ። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ኦፓሎች መሆናቸው እውነት ነው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የሮንዶ ቡድን የወገልጤናን ድንጋዮች ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ኮንክሪት ወለል ላይ ቢጥላቸው ሳይሰበሩ ቀርተዋል። ከደላንታ የሚወጣው አንዱም አይሰነጠቅም ማለት አይደለም። በድንገት የሚደርቅ፣ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ፣ ሲቆረጥ የሚግል ድንጋይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሆኖም አንድ አገር ሁለት ዓይነት ኦፓል እያላት ሁለቱን በአንድ ስም መሸጥ፣ የጠንካራውን ዋጋ ለደካማው ዕዳ መክፈያ ማድረግ ነው።

ቀዳዳው ሌላም ጣጣ አለው። ውሃ የሚገባበት ድንጋይ ቀለምም ይገባበታል። ነጩን የወሎ ኦፓል በጭስ አጥቁሮ ወይም በቀለም ነክሮ እንደ ጥቁር ኦፓል መሸጥ የተለመደ ነው። በጣም የደመቀ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ መደብ ያለው የወሎ ኦፓል ስታዩ መጠርጠር ተገቢ ነው። የተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል ወሎ ውስጥ የለም ማለት ግን አይደለም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በሰሜን ወሎ፣ ከጋሸና አቅራቢያ ስታይሽ በተባለ ቦታ የተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል ተገኝቷል። ጥቁርነቱ የተፈጥሮ ይሁን የጭስ በዓይን ብቻ መለየት ለለመደ ሰውም ያስቸግራል፤ ቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ቁፋሮውን በአጭሩ። ንጣፉ ስስ፣ ገደሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ቆፋሪዎች ከገደሉ ፊት ወደ ውስጥ በዶማና በመዶሻ ጠባብ ዋሻ እየፈለፈሉ ይገባሉ። ከላይ ያለው አለት ድጋፍ ሳይኖረው ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. ሃያ ገደማ ሰዎች የደላንታ ዋሻ ተደርምሶባቸው ውስጥ መቅረታቸው በአገርም በውጭም ተዘግቧል፤ ሰው የበላ ናዳ ግን ከዚያ በፊትም ደርሷል። ደሴ መደብር ውስጥ በጥጥ ላይ ተቀምጦ ለሚታየው ድንጋይ የሚከፈለው ከፍተኛ ዋጋ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ከገንዘቡ ለቆፋሪው የሚደርሰው ትንሹ ነው። ብዙው ጥሬ ድንጋይ ሳይቆረጥ ስለሚሸጥ መቁረጫና ማለስለሻው ሕንድ፣ በተለይም ጃይፑር ነው። ያንኑ ድንጋይ ቆርጦ መሸጥ ዋጋውን ምን ያህል እንደሚያሳድገው ደሴ ያሉ ነጋዴዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

በመጨረሻ ለገዢም ለሻጭም የሚበጅ ነገር ልናገር። ተቆርጦ የተለሰለሰ ኦፓል የሚሸጠው በካራት ነው፤ አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ከደረቁ ይከብዳል፤ ስለዚህ እርጥቡን የሚገዛ ሰው ውሃውንም በካራት ይገዛል። ጥሬው እርጥብ ሲሆን አንዳንዱ ስንጥቅም አይታይም። ከመመዘኑ በፊት ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ይደርቅ፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ ሞክሩ። ከገዛችሁ በኋላ ከሳሙና፣ ከዘይትና ከሽቶ አርቁት፤ ንጹህ ውሃ ይወጣለታል፣ ዘይትና ቀለም ግን ውስጡ ይቀራሉ። የኦፓል ጥንካሬ በሞስ መለኪያ ከ5 እስከ 6.5 ነው፣ ተራ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7፤ ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ አትፈትጉት። ከምንም በላይ ደረሰኙ ላይ «ኦፓል» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ ጠይቁ፦ ከየትኛው ቦታ እንደወጣና ጭስ ወይም ቀለም ነክቶት እንደሆነ ይጻፍ።