ከባቡር ጣቢያ እስከ ቤት ደጃፍ

ብስክሌትንና ባቡርን ስለማቀናጀት ወሬ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ብስክሌቴን ይዤ ባቡሩ ላይ መሳፈር እችላለሁ?» የሚለው ነው። ተሳፋሪው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የጣቢያ ዕቅድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ግን ከዚህ አይነሱም። እነሱን የሚያሳስባቸው ብስክሌቱ ጣቢያው ደጃፍ ሲደርስ የት እንደሚቆም፣ ተሳፋሪውም በሌላኛው ከተማ ሲወርድ መንገዱን በምን እንደሚቀጥል ነው።

ምክንያቱ ካርታ ላይ ይታያል። ባለሙያው ጣቢያውን መሀል አድርጎ ሁለት ክቦች ይስላል። በእግሩ የሚሄድ ሰው በ12 ደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሳይቻኮል ፔዳል የሚመታ ደግሞ በዚያው ጊዜ 3 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ርቀቱ የጨመረው ሦስት እጥፍ ነው፤ ክቡ ውስጥ የሚገባው ሰፈር ግን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 28 ከፍ ይላል፤ ይህም አንድ ሜትር ሐዲድ ሳይነጠፍ ነው። ለባቡር ድርጅት ከዚህ በረከሰ ዋጋ አዲስ ተሳፋሪ የሚያመጣ ሥራ ማግኘት ይቸግራል።

ኔዘርላንዶች ይህን ስሌት ከልብ ይዘውታል። በዩትሬክት ማዕከላዊ ጣቢያ ሥር እ.ኤ.አ. በ2019 ግንባታው የተጠናቀቀው ማቆሚያ በሦስት ፎቆች 12,500 ብስክሌቶችን ይይዛል፤ በዓለም ትልቁ መሆኑ ተነግሮለታል። ከሁሉም የሚደንቀው ግን መጠኑ አይደለም። ባለብስክሌቱ ከመንገድ ተነሥቶ ከብስክሌቱ ሳይወርድ፣ እየነዳ ይገባል፤ በየመተላለፊያው አፍ ላይ ያለው የመብራት ሰሌዳ ስንት ክፍት ቦታ እንደቀረ ይነግረዋል። የላይኛው መደርደሪያ ተንሸራታች ነው። እጀታውን ሲስቡት ዘንበል ብሎ ይወርዳል፣ የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ኮርቻውን ይዘው ገፋ ሲያደርጉት ብስክሌቱን ይዞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ወደ ባቡሩ ለመድረስ ደረጃ መውጣት ብቻ ነው የሚቀረው። የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በነፃ ናቸው፤ ስለዚህ ጠዋት አቁሞ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ ምንም አይከፍልም። በአምስተርዳም ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በማዕከላዊው ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ከውሃ በታች 7,000 ብስክሌቶች የሚቆሙበት ስፍራ ተከፍቷል።

ማቆሚያ ግን የጉዞውን አንድ ጫፍ ብቻ ነው የሚፈታው። ለሌላኛው ጫፍ ኦቬ ፊትስ የሚባለው የኪራይ ብስክሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በ2008 የአገሪቱ የባቡር ድርጅት ተረከበው። ሰማያዊና ቢጫ ነው፤ ጌጥ የለውም። ፍሬን የሚያዘው ፔዳሉን ወደኋላ በመርገጥ ስለሆነ፣ የእጅ ፍሬን የለመደ እንግዳ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ጣቶቹ መሪው ላይ የሌለ ነገር ይፈልጋሉ። ለባቡር ትኬት በሚያገለግለው ካርድ ይከራዩታል፤ ሒሳቡ የሚታሰበው በ24 ሰዓት ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ ብዙ ለውጧል፤ ለስብሰባ የመጣ ሰው ብስክሌቱን ደጅ አቁሞ ያለ ሐሳብ ሥራውን ይሠራል፣ በደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት አያባርረውም። በ2019 ብቻ ከ5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተከራይቷል።

ባቡሩ ውስጥ ግን እነዚሁ ኔዘርላንዶች ጥብቅ ናቸው። በሥራ ቀናት በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00፣ እንዲሁም ከቀኑ 10፡00 እስከ ምሽቱ 12፡30 የማይታጠፍ ብስክሌት አይጫንም፤ ከዚህ ውጭ ለብስክሌቱ የተለየ ትኬት ይቆረጥለታል። ታጥፎ የሚያዝ ብስክሌት ግን በማንኛውም ሰዓት በነፃ ይገባል። ብዙዎችን የሚያስቆጣው ይህ እገዳ ከጭካኔ የመጣ አይደለም። አንድ ብስክሌት ቆመው የሚሄዱ የበርካታ ተሳፋሪዎችን ቦታ ይይዛል፤ በር ላይ ሲጋጭና ሲጠማዘዝ የሚባክነው ግማሽ ደቂቃ ደግሞ ከኋላ የሚመጡትን ባቡሮች ሁሉ ያዘገያል።

ኮፐንሃገን ሌላ መንገድ መረጠች። የከተማዋ ባቡሮች እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ብስክሌትን በነፃ መጫን ጀመሩ፤ ወንበር ተነሥቶ ሰፊ ክፍል ተዘጋጀ። በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የተጫኑ ብስክሌቶች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 9 ሚሊዮን ወጣ። እዚያም ቢሆን ኖረፖርት በተባለው እጅግ የተጨናነቀ ጣቢያ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብስክሌት ይዞ መሳፈር ተከልክሏል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደንብ አዳዲስ ባቡሮች ቢያንስ ለ4 ብስክሌቶች ቦታ እንዲኖራቸው ጠይቋል። ለረጅም ጉዞና ለአገር ጎብኚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚመላለሰው ሕዝብ ግን አራት ቦታ ምን ይሆናል?

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። የድሮው የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ የተቆረቆረችው በጣቢያው ዙሪያ ነው፤ በአዲስ አበባም ለገሃር መሀል ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጣቢያዎች ግን ፉሪ ለቡም፣ አዳማም፣ ድሬዳዋም ከመሀል ከተማ የራቁ ናቸው። ተሳፋሪው በረጅሙ ጉዞ ያገኘውን ምቾት የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ በባጃጅ ክርክር ይጨርሰዋል። ጣቢያዎቹን መልሶ ማቅረብ አይቻልም፤ ክቡን ማስፋት ግን ይቻላል።

የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ዕቅዱን እንዲያወጣ ቢጠየቅ የሚጀምረው ከአዲስ አበባ አቀበት ሳይሆን ሜዳ ከሚበዛባቸው ከአዳማና ከድሬዳዋ ነው። ሦስት ፎቅ አያስፈልግም። ከመውጫው በር አጠገብ፣ ጥበቃው ቁጭ ብሎ በሚያየው ቦታ ጥላ ያለው ማቆሚያ፤ ጎማ የሚለጥፍና ካቴና የሚያጠብቅ ሠራተኛ፤ በባቡር ትኬት የሚከራዩ ጠንካራ፣ ዕቃ መጫኛ ያላቸው ብስክሌቶች። ብዙው ተሳፋሪ ሻንጣና ማዳበሪያ ይዞ ስለሚወርድ መጫኛው ቀልድ አይደለም፤ እሱ ከሌለ ብስክሌቱ እዚያው ቆሞ ይዝጋል። ከግዢው በፊት ግን ቆጠራ ይቀድማል፦ ባቡር በገባ ቁጥር መውጫው ላይ ቆሞ የሚወርደውን ሁሉ «ከዚህ ወዴት ነው? ምን ያህል ዕቃ ይዘዋል?» እያሉ መመዝገብ።