የፋኑ አራት እግሮች

«ጌም ስከፍት ራሱን ያጠፋል» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ምርመራውን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል፣ ካልሆነም ሻጩ አታሎታል። እኔ ዊንዶውሱን ሳልነካ የኬዙን ጎን ከፍቼ የፕሮሰሰሩን ፋን በሁለት ጣት ይዤ ቀስ አድርጌ አነቃንቀዋለሁ። በደንብ የተገጠመ ፋን ለብቻው አይወዛወዝም፤ ከተወዛወዘ ሌላ መፈለግ አያስፈልገኝም።

ሰዉ የሚከራከረው በቴርማል ፔስት ነው። በአተር መጠን ጠብ ይደረግ ወይስ በካርድ ይለቅለቅ እየተባለ ብዙ ይባላል። የፔስቱ ሥራ ግን በፕሮሰሰሩ ክዳንና ፋኑ በተሳፈረበት ብረት (በሂት ሲንኩ) መካከል ያሉትን ለዓይን የማይታዩ ክፍተቶች መሙላት ብቻ ነው። ሁለቱን ብረቶች አጥብቆ የሚያገናኛቸው የአራቱ ማዕዘን ጫና ነው። አንዱ ማዕዘን ከለቀቀ ፔስቱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሙቀቱ በወጉ አይሻገርም። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ትውልድ ደግሞ 95 ሲደርስ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እኔን የሚያናድደኝ ከመጥፋቱ ይልቅ ይኼ ማዝገም ነው። የሚጠፋ ማሽን ጥገና ይመጣል፤ የሚያዘግመው ግን ባለቤቱን የከፈለበትን ፍጥነት ለዓመታት እያሳጣው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

በብዛት የሚለቀው ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ፋን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኤልጂኤ 775 ሶኬት ጀምሮ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ብሎን አይደለም፤ ተጭነው የሚገቡ አራት የፕላስቲክ እግሮች ናቸው። እያንዳንዱ እግር ነጭ ስንጥቅ ፕላስቲክና መሃሉ የሚገባ ጥቁር ዘንግ አለው። ነጩ ቀድሞ የማዘርቦርዱን ቀዳዳ ማለፍ አለበት፤ ጥቁሩ ተከትሎ ሲገባ ነጩን ከፍቶ ይቆልፈዋል። የእግሩ ራስ ላይ ያለው ቀስት መክፈቻውን የሚያመለክት ነው። ብዙ ሰው ማጥበቂያ መስሎት ወደ ቀስቱ ያዞረዋል፤ በዚያው ይፈታዋል። ከመግጠም በፊት የእግሩ ራስ በቀስቱ ተቃራኒ መመለስ አለበት። ከዚያ ቀጥ አድርጎ በአውራ ጣት መጫን ነው፤ አንዱን፣ ቀጥሎ በሰያፍ ትይዩ ያለውን፣ «ቀጭ» እስኪል።

ድምፁን ብቻ ግን አትመኑ። ማዘርቦርዱ ይገልበጥና ጀርባው ይታይ፤ በአራቱም ቀዳዳ ነጩ ተከፍቶ ጥቁሩ መሃሉ መታየት አለበት። ነጩ ታጥፎ ከሆነ እግሩ አልያዘም። ለዚህ ነው ፋኑን ማዘርቦርዱ ኬዝ ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ የምገጥመው። ኬዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ሲጫኑት ሰሌዳው ይጎብጣል፣ ጀርባውም አይታይም።

ብሎን ያለው ፋን የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ትዕግሥት ይፈልጋል። ጎሚስታ የመኪና ጎማ ሲያስር አንዱን ብሎን ጨርሶ ወደ ሌላው አይሄድም፤ በመስቀለኛ እያፈራረቀ ነው። እዚህም ሁለት ሁለት ዙር እየሰጡ በመስቀለኛ ማጥበቅ፣ ብሎኑ ሲቆም መቆም። ብሎኑ ላይ ስፕሪንግ ያለው ጫናውን እሱ እንዲለካው ነው፤ በካቻቪቴው ከዚያ በላይ መታገል ክሩን ከመብላት በቀር አያተርፍም።

አሮጌ ፋን ለአዲስ ማሽን የሚያመጡልኝም አሉ። ከኤልጂኤ 1156 እስከ 1200 ድረስ የቀዳዳዎቹ ርቀት 75 ሚሊሜትር ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የመጣው 1700 ግን 78 ነው፤ የፕሮሰሰሩም ከፍታ ትንሽ ዝቅ ብሏል። እግሩን ለጥጦ ማስገባት ለሚችል ጉልበተኛ እንኳ ብረቱ በወጉ አይጫንለትም። የራሱን መያዣ መግዛት ነው።

በኤኤምዲው የኤኤም 4 ሶኬት ላይ ደግሞ ጣጣው ፋኑ ሲነቀል ነው። ፔስቱ ደርቆ ከያዘ ፋኑ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት መንጭቆ ያወጣዋል፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ በቀላሉ የሚጣመሙ 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት። ማሽኑን ጥቂት አስነስቶ ማሞቅ፣ አጥፍቶ ገመዱን መንቀል፣ ከዚያ ፋኑን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ እያዞሩ ማላቀቅ።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። የአየሯ ቅዝቃዜ ቢያካክስልንም፣ በደንብ ላልተያዘ ፋን የሚተርፍ ነገር የለንም። ከዚህ ተጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው ማሽን ደግሞ መንገዱን መቻል አለበት። እንደ ኖክቷ ኤንኤች ዲ 15 ያለው ትልቅ ፋን 1.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ኬዙ ቆሞ ሲጓዝ ያ ሁሉ ክብደት ማዘርቦርዱ ላይ ወደ ጎን ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለውን ፈትቼ ለብቻው አሽገዋለሁ። አነስ ያለው ከሆነ ኬዙ በጎኑ ይተኛ፤ ፋኑ ወደ ላይ፣ ማዘርቦርዱ ከታች ሆኖ።

ኮምፒውተር የምታስገጣጥሙ ሁሉ፣ ማዘርቦርዱ ኬዝ ውስጥ ከመግባቱ በፊት «ጀርባውን አሳየኝ» በሉ። ባለሙያው ቅር ቢለው ግድ የላችሁም፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።