ብረት የሚያስገባው ሐኪም

«እግሩ ላይ ብረት ገባለት» ሲባል ያልሰማ የለም። ብረቱን የሚያስገባው የኦርቶፒዲክስ ሐኪም ነው። ዘርፉ ብዙ ነው፤ አንዱ እጅን፣ ሌላው አከርካሪን፣ ሌላው የሕፃናትን አጥንት ይዞ ይቀራል። የአደጋ ስብራት ስፔሻሊስቱ ግን ባጃጅ የገጨውን፣ ከሕንፃ ላይ የወደቀውን በውድቅት ሌሊት ተቀባይ ነው።

የመጀመሪያ ሥራው አጥንት መግጠም አይደለም። የጭን አጥንት ሲሰበር ቆዳው ሳይቀደድ ከአንድ ሊትር በላይ ደም እዚያው ጭን ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ ስለዚህ ነፍስ ትቀድማለች። አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣ አንቲባዮቲክ ፈጥኖ ይሰጣል፤ ቁስሉ በብዙ ሊትር ውሃ ይታጠባል፤ የሞተው ሥጋ ይወገዳል።

በጣም የሚፈራው ግን ራጅ የማያሳየውን ነው። ባቱ እንደ እንጨት ከጠነከረ፣ የእግር ጣቱ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ታካሚው ከጮኸ፣ እብጠቱ የደሙን መንገድ እያነቀው ነው። ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ስለሚሞት ሐኪሙ ባቱን በቁመቱ ሰንጥቆ ያስተነፍሰዋል። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እግርም እንዲሁ ይታነቃል። ቤተሰብ «ሆስፒታል ይቆርጡታል» ብሎ ፈርቶ ልጁን ወጌሻ ዘንድ ይወስዳል፤ እግሩ ጠቁሮ ሲመለስ መቁረጥ ግድ ይሆናል። ይህ አንጀት ይበላል። ወጌሻውን ከማሳደድ ማሰሪያውን እንዲያላላ፣ የጣቶቹን ሙቀትና ቀለም እንዲያይ ማስተማር ይሻላል እላለሁ።

ወደ ብረቱ እንመለስ። ድሮ ጭኑ የተሰበረ ሰው እግሩ በክብደት እየተሳበ ለሳምንታት አልጋ ላይ ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ጀርመናዊው ሐኪም ጌርሃርድ ኩንቸር በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ዘንግ ማስገባት ጀመረ። ዘንጉን በብሎን ለማሰር ግን በቀዶ ጥገናው መሐል የሚያሳይ የራጅ ማሽን ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በየሆስፒታሉ አይገኝም። አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዚርክል እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ሳይን የተባለ ድርጅት ያለ ማሽኑ የሚታሰር ዘንግ ሠራ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ይጠቀምበታል።

ሐኪሙ አጥንቱን ከበሳ በኋላ ቀጭን መፈለጊያ አስገብቶ የዘንጉን ቀዳዳ ይዳብሳል። ዓይኑ አያየውም። መፈለጊያው ቀዳዳው ውስጥ ገባ ሲል እጁ ያውቀዋል፤ ያኔ ብሎኑን ያጠብቃል። ከዚያ ታካሚው ጉልበቱን እንዲያጥፍ ይጠየቃል፤ ምርኩዝ ይዞም ይነሣል።