ባለ 14 ብሎኑ ዲፈረንሻል ለጉተታ ውድድር ሲዘጋጅ

ዲፈረንሻል በመኪና የኋላ አክስል መካከል ተቀምጦ ሦስት ሥራ ይሠራል። ከካምቢዮ በረዥም ዘንግ የሚመጣውን ዙረት ወደ ጎን አዙሮ ለሁለቱ ጎማዎች ያደርሳል፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ቶርኩን ያበዛል፤ መኪናው ሲታጠፍም የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞር ያስችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዘንጉ ጫፍ ያለው ትንሹ ጊር ፒኞንና እሱ የሚያዞረው ትልቁ ጊር ኮሮና ይሠሯቸዋል። ሦስተኛው ከኮሮናው ጋር በታሰረው ቤት ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጊሮች ድርሻ ነው። ይህን ሦስተኛውን ሥራ ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር እ.ኤ.አ. በ1827 ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ብሎ አስቦታል። በቀጥታ መስመር ለሚደረግ ውድድር ግን ከሦስቱ መጀመሪያ የሚተወው እሱ ነው።

ለውድድር ከሚጠናከሩት የፒክአፕ አክስሎች አንዱ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1973 ሞዴል ጀምሮ በከባድ የሸቭሮሌና የጂኤምሲ መኪኖቹ ላይ የገጠመው ነው። የኋላ ክዳኑ በ14 ብሎኖች ስለሚታሰር ባለ 14 ብሎን ይባላል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያሰማራው ኤም 1008 የጭነት መኪናም ይህንኑ አክስል ይጠቀም ነበር። የኮሮናው ስፋት 26.7 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከስፋቱ ይልቅ የሚያስመሰግነው ግን የፒኞኑ አያያዝ ነው። በብዙ የፒክአፕ አክስሎች ፒኞን በሁለት ኩሽኔታዎች ከአንድ ወገን ብቻ ተይዞ ጥርሱ ያለበት ጫፉ ያለ ደጋፊ ይቀራል። እዚህ ሦስተኛ ኩሽኔታ በጫፉ ላይ ስለገባ ፒኞኑ ከሁለቱም ወገን ይደገፋል።

የጉተታ ውድድር በአሜሪካ ብሔራዊ ማኅበሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ተወዳዳሪው በአፈር ሜዳ ላይ ተንሸራታች ጭነት ይጎትታል። መኪናው በሄደ ቁጥር በጭነቱ ላይ ያለው ክብደት ወደ ፊት እየተጠጋ ይከብደዋል፤ ሙሉ ጉተታ የሚባለው 300 ጫማ ወይም 91 ሜትር ያህል መድረስ ነው። ጭንቀቱ የሰከንዶች ጉዳይ ቢሆንም ኃይሉ ከፍተኛ ነው። 2,500 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ የተሻሻለ ናፍጣ ሞተር ቶርኩ በካምቢዮ 3 ጊዜ፣ በዲፈረንሻሉ ደግሞ 4.1 ጊዜ ቢባዛ 30,750 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህ ሁሉ ግን አክስሉ ላይ አያርፍም፤ ወሰኑን የሚያበጀው የጎማው መያዝ ነው። በኋላ ጎማዎች ላይ 5 ቶን ቢያርፍ፣ የጎማው መያዝ ከክብደቱ ጋር እኩል ቢሆንና ከጎማው መካከል እስከ መሬት 45 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ አክስሉ የሚሸከመው 22,000 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አደገኛው ጎማው ተንሸራትቶ ወይም ነጥሮ ድንገት መሬት ሲይዝ ነው። በዚያ ቅጽበት የሚሽከረከሩት ከባድ አካላት ያጠራቀሙት ጉልበት በአንድ ጊዜ ጥርሶቹ ላይ ይወርዳል፤ ብዙው ስብራት የሚደርሰውም ያኔ ነው።

ጥርስ የሚሰበረው ቀጭን ስለሆነ ብቻ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚሸነፈው የያዘው አካል ነው። ፒኞኑ ኮሮናውን ሲያዞር ወደ ጎንም ይገፋዋል፤ ራሱም በተቃራኒው ይገፋል። የአክስሉ ቤት፣ ኩሽኔታዎቹና የኩሽኔታ ክዳኖቹ በጥቂቱ ከተለጠጡ ሁለቱ ይራራቃሉ፤ ጥርሶቹ የሚነካኩበት ቦታም ከመካከል ወደ ውጭኛው ጫፍ ይሸሻል። በሙሉ ጥርስ ላይ ሊከፋፈል የሚገባው ጭነት በጠባብ ጠርዝ ላይ ሲከማች የትኛውም ብረት አይችለውም። ስለዚህ የማጠናከር ሥራ በመጀመሪያ ነገሮችን ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ የማድረግ ሥራ ነው። ወፍራም ኮሮና ገዝቶ ልል ቤት ውስጥ መግጠም ገንዘብን ማባከን ነው።

በፋብሪካ ሥራ በሁለቱ ዋና የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል ዳዶው ሲጠብቅ የሚሸማቀቅ ስስ ቀለበት ይገባል። ለፋብሪካ ፍጥነት አመቺ ቢሆንም ከባድ ምት ሲደርስበት የበለጠ ይሸማቀቃል፤ የኩሽኔታው ጥብቀት ይጠፋል፤ ፒኞኑም መንቀሳቀስ ይጀምራል። ለውድድር በማይሸማቀቅ ወፍራም ቱቦ ይተካል፤ ጥብቀቱም በስስ የብረት ቅጠሎች ይስተካከላል። የጎን ኩሽኔታዎቹን የሚይዙት ክዳኖች ከሙሉ ብረት በተቆረጡ ይቀየራሉ፤ ተራዎቹ ብሎኖችም በጠንካራ ስታድና ዳዶ ይተካሉ። አንዳንድ ወፍራም የኋላ ሽፋን ከውስጥ ክዳኖቹን የሚደግፉ ብሎኖች አሉት፤ ክዳኖቹ ወደ ኋላ እንዳይለጠጡ ያግዛል።

የአክስሉ ቱቦዎች በመካከለኛው ቤት ውስጥ በግፊት የገቡ ናቸው። ከፍተኛ ቶርክ ሲመጣ ቱቦው በቤቱ ውስጥ ሊዞር ስለሚችል ዙሪያው ይበየዳል፤ ከላይም ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኝ የብረት ድልድይ ይሠራለታል። መካከለኛው ቤት በቅርጽ የፈሰሰ ብረት በመሆኑ እንደ ተራ ብረት ቢበየድ ይሰነጠቃል፤ አስቀድሞ ማሞቅ፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ መጠቀምና ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ያስፈልጋል። ሙቀቱ ቱቦዎቹን ስለሚያጣምም ብየዳው ካለቀ በኋላ ቀጥታቸው ይለካል።

የብዜቱ ምርጫም የጥንካሬ ጉዳይ ነው። በዚህ አክስል 4.10 ብዜት የሚገኘው 41 ጥርስ ያለው ኮሮና ከ10 ጥርስ ፒኞን ጋር ሲገናኝ ነው፤ 5.13 ከተፈለገ የፒኞኑ ጥርስ ወደ 8 ይወርዳል። የኮሮናው ስፋት ስለማይለወጥ ፒኞኑ ያንሳል፤ በአንድ ጊዜ የሚነካኩት ጥርሶችም ይቀንሳሉ። ብዙ ብዜት የሚፈልግ ሰው ትርፉን ከካምቢዮው ወይም ጎማው አጠገብ ካለ ፕላኔታሪ ጊር ቢያገኘው ይሻለዋል። የብረቱ ዓይነት ደግሞ እንደ ውድድሩ ይወሰናል። በመንገድ መኪና የተለመደው 8620 ብረት ፊቱ ጠንካራ ሆኖ ለዓመታት ያገለግላል። ከ3 በመቶ በላይ ኒኬል ያለው 9310 ምት ሲያርፍበት ከመሰበር ይልቅ ይችለዋል፤ ፊቱ ግን ቶሎ ስለሚያልቅ ለረዥም መንገድ አይመከርም።

ትንንሾቹን ጊሮች በተመለከተ የጉተታ መኪና ስፑል የሚባለውን አንድ ወጥ ብረት ይጠቀማል። ሁለቱም ጎማዎች ሁልጊዜ እኩል ይዞራሉ፤ የሚሰበር ትንሽ ጊርም አይኖርም። መታጠፍ ላለበት ውድድር ግን ጉተታ ሲኖር የሚቆልፍና በመታጠፊያ የሚለቅ ሎከር ይመረጣል። የፋብሪካውን ትንንሽ ጊሮች በብየዳ አጣብቆ መቆለፍ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ብየዳው ግን የጠነከረውን ብረት ስለሚያሰባብር ስብርባሪው ኮሮናውን ይዞ ይጠፋል፤ ከባድ ኃይል ባለበት ቦታ የለውም።

መቆለፉ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማዎቹ ለሚሄዱት ዘንጎች፣ ለሴሚያሶቹ፣ አዲስ ሸክም ያመጣል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ከቀረ ሌላው ሴሚያስ ሙሉውን ቶርክ ብቻውን ይሸከማል። የዘንግ የመጠምዘዝ ጥንካሬ በስፋቱ ኩብ ስለሚያድግ ከ38 ወደ 44 ሚሊሜትር ማሳደግ 55 በመቶ ያህል ጥንካሬ ይጨምራል። ባለ 30 ጥርሱ የፋብሪካ ሴሚያስ 4340 ወይም 300ኤም በተባሉ ብረቶች በተሠራ ወፍራም ዘንግ ይተካል። የዘንጉ አካል ከጥርሶቹ ሥር ጋር እኩል ሆኖ ሲቀጥን መጠምዘዙ በርዝመቱ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ጥርሱ ሥር አይከማችም። በዚህ አክስል ክብደቱን የሚሸከሙት ቱቦውና የጎማው ኩሽኔታዎች ስለሆኑ ሴሚያስ ቢሰበርም ጎማው አይወድቅም፤ የተሰበረውም በሜዳው ላይ ሊቀየር ይችላል።

ገጠማው ሲያልቅ በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል፤ ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊሜትር አካባቢ ይጠበቃል። ቀለም ተቀብቶ የሚታየው መነካኪያ ያለ ጭነት ከመካከሉ ትንሽ ወደ ውስጠኛው ጫፍ ቢያደላ ይመረጣል፤ ጭነት ሲመጣ ወደ መካከሉ ይመለሳልና። ከውድድር በኋላ ዘይቱና ማግኔቱ የያዙት ቅንጣት ይመረመራል፤ ሴሚያሶቹ ላይ በቀጥታ የተሰመረው የቀለም መስመር ከተጠማዘዘ ዘንጉ ባይሰበርም ይጣላል፤ ኮሮናውና ፒኞኑም በማግኔት ዱቄት ተፈትሸው ስንጥቅ ከተገኘባቸው ሁለቱም በአንድነት ይቀየራሉ።