ፀሐይና መኪና

በሐረር ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረስ ሣር ይበላል፤ መኪና ግን ከውጭ አገር የሚገዛ ነዳጅ ይጠጣል። ስለዚህ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን ግን ፈቀደ።

ታዲያ መኪና ኤሌክትሪኩን ከፀሐይ ያገኛል? ያገኛል፤ ግን ጥቂቱን ነው። ሶላር ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ባትሪ ያጠራቅመዋል። የመኪና ጣሪያ ግን ጠባብ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢመታው፣ ቢያስኬድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሐረር ድሬዳዋ ግን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፎርድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2006 ዓ.ም. ባለ ሶላር መኪና ለሙከራ ሲያሳይ፣ ጣሪያዋ ስላልበቃ ብርሃን የሚሰበስብ ዳስ ሠራላት።

ነገሩ እንደ ዝናብ ውሃ ነው። ትንሽ ጣሪያ በርሜል አይሞላም፤ የቀረው ከምንጭ ይቀዳል። መኪናም የቀረውን ከመብራት መስመር ትሞላለች።

«በፀሐይ ብቻ ትሄዳለች» የሚል ነጋዴ ቢመጣ፣ «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር?» ብለን እንጠይቀው። ቆጥሮ የሚገዛ አይታለልም።