ስለ ድንች አጠባበቅ



ከእንጅባራ ደጋ ወደ ጫግኒ የሚወርደው ድንች ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ማቆጥቆጡና መበስበሱ የታወቀ ነው። ስለዚህም ብዙዎች መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ መጋዘን ብቻ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ብርድ ከማሳ ደኅና ሆኖ የወጣውን ይጠብቃል እንጂ የተበላሸውን አያድንም።

ዩሪያ ከልክ በላይ የበዛበት ድንች ቅጠሉ ይለመልማል፤ ፍሬው ግን ዘግይቶ ይደርሳል፤ ውሃም ይበዛበታል። ከመቆፈሩ ከ10 እስከ 14 ቀን አስቀድሞ ቅጠሉና ግንዱ የታጨደለት ግን ልጣጩ ይጠነክራል፤ በጭነትም ጊዜ በቀላሉ አይቆስልም።

ቅዝቃዜውም ልክ አለው። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የቆየ ድንች ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ሲጠበስም ይጠቁራል። ማቀዝቀዣ የሌለው ባለሱቅ ጨለማ በሆነና ነፋስ በሚገባበት ክፍል ያኑረው፤ ብርሃን ያገኘው የምግብ ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል፤ መርዝነትም አለው። በብርሃን የሚቀመጠው የዘር ድንች ብቻ ነው፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆንለታልና።

ስለሆነም ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ከየጆንያው ጥቂት አውጥቶ ልጣጩን በአውራ ጣቱ አሸት አድርጎ ይፈትን። በቀላሉ ከተላጠ ለዕለቱ ገበያ እንጂ ለመጋዘን አይሆንም፤ ያለዚያ ኪሣራው የገበሬው ሳይሆን የነጋዴው ነው።