ዲግሪ ጭሮ ላይ ስንት ያወጣል?

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ሆኗል። የደመወዝ ስኬሉ ወለል ደግሞ 6,000 ብር ነው። በምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮም ይሁን ገለምሶ፣ በዴሳም ይሁን ሂርና፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ አባት «ምን አተረፍኩ?» ሲል በመጀመሪያ የሚያየው የእነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነው። ኪስ የሚገባው ግን ሌላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከ11,500 ብሩ ላይ 2,100 ብር ግብር፣ 805 ብር ደግሞ ለጡረታ ይቆረጣል። እጅ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ከ6,000 ብሩ ላይም 700 ብር ግብርና 420 ብር ጡረታ ሲነሳ 4,880 ብር ይቀራል። እንግዲህ ዲግሪው በወር የሚጨምረው 3,715 ብር ነው። ኮስት ሼሪንግ ያለበት ተመራቂ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ስለሚከፍል ዕዳው እስኪያልቅ ብልጫው ወደ 2,565 ብር ይወርዳል።

ስለ ኮስት ሼሪንግ ብዙ ይወራል። በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ እንዲመልስ ነበር። ዕዳው ወለድ የለውም። ወለድ የሌለው ዕዳ ደግሞ ዋጋ በየዓመቱ ሲንር በራሱ ጊዜ ይቀልጣል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የፈረመው ተማሪ ዛሬ የሚመልሰው ያኔ ከበላው እንጀራ በብዙ ያነሰ ነው። ለአዲስ ገቢዎች ግን ነገሩ ተቀይሯል። በቀን 22 ብር የነበረው የተማሪ የምግብ በጀት ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ ለካፌው ጥሩ ዜና ቢሆንም ዕዳውን ያፋፋዋል። ዕዳውን ያልጨረሰ ሰው ኦሪጅናሉን ስለማያገኝ፣ ቴምፖራሪውን በፕላስቲክ አስጠቅልሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚመላለስ ተመራቂ በየከተማው አለ።

እንዲያም ሆኖ ትልቁ ዋጋ ዕዳው አይደለም፤ ጊዜው ነው። ሁለት ጓደኛሞች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አብረው ጨረሱ እንበል። አንዱ በ6,000 ብር ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሌላው አራት ዓመት ተማረ። ዛሬ ባለው ደመወዝ ብናሰላው የመጀመሪያው በአራት ዓመት 234,240 ብር አግኝቷል። ተመራቂው በወር 2,565 ብር እየበለጠ ይህን ለመድረስ 7 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ኮስት ሼሪንግ ባይኖርበት እንኳ ከ5 ዓመት በላይ። ይህ ሁሉ በተመረቀ ማግስት ሥራ ከያዘ ነው። አንድ ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከቆየ ጓደኛው ሌላ 58,560 ብር ይቀድመዋል፤ መድረሻውም ሁለት ዓመት ያህል ይገፋል። ስለዚህ የዲግሪን ትርፍ የሚበላው ከክፍያው ይልቅ ሥራ ፍለጋው ነው። ልጁ የሚገባበትን ዲፓርትመንት የሚመርጥ ቤተሰብ ከስሙ በፊት «ባለፈው ዓመት ከዚህ የወጡት የት ተቀጠሩ?» ቢል ይሻለዋል። ሥራው ተገኝቶም ደመወዙ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው አደባባይ ያነሱትን ጥያቄ አንባቢ አይረሳውም።

ጭሮ ላይ ይህን ስሌት ስታቀርብ መልሱ ይታወቃል፦ «ጫቱስ?» ምዕራብ ሐረርጌ የጫት አገር ነው፤ የገለምሶ ጫት አዲስ አበባ ድረስ በስሙ ይሸጣል። ቡና በዓመት አንዴ ሲለቀም፣ ውሃ ያገኘ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ጥሬ ገንዘቡም ያኔውኑ እጅ ይገባል። በዓለም ገበያ ስም ያለው የሐረር ቡና ከሚበቅልባቸው ማሳዎች አንዳንዶቹ ተነቅለው ጫት የተተከለባቸውም ለዚሁ ነው። ጫት የጫነው አይሱዙ የሚበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከተቆረጠ ሁለት ቀን ያለፈው ጫት ገዢ የለውም። ዲግሪ የሌለው ነጋዴ በአንድ ጭነት የመምህሩን የወር ደመወዝ ሲያገኝ ያየ ወጣት «መማር ለምኔ?» ቢል አይፈረድበትም።

ይሁንና ይህ ንጽጽር ችግር አለበት። ለዓይን የሚታየን ያተረፈው ነጋዴ ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ጭነቱ የጠወለገበት፣ ገዢው አገር ቀረጥና ፈቃድ ሲቀይርበት የከሰረው አይታይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ። ግማሽ ሄክታር ያለው አባት ለአራት ወንዶች ልጆቹ እኩል ቢያካፍል ለእያንዳንዱ 1,250 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። በጨርጨር ደጋ ላይ ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም። እናም ዲግሪን ማወዳደር የሚገባን መሬትም ካፒታልም ካለው ታላቅ ወንድም ጋር ሳይሆን፣ ለሌላ ሰው ጫት በቀን ሒሳብ ከሚቆርጠው ታናሽ ጋር ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ 7 ዓመት ተኩሉ ያን ያህል ረጅም አይደለም። መሬት ለሌለው ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሁንም ያዋጣል ባይ ነኝ፤ ከገባ።

ያችን «ከገባ» ቀላል ማድረግ አይቻልም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብቶ የሚያልፈው አንድ ዓመት ተጨማሪ ያቃጥላል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከዘጠነኛ ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ የሆነበት የገጠር ልጅ ፈተናው ሁለት ነው፦ ትምህርቱና ቋንቋው። በሌላ ገበያ ቢሆን እንዲህ ብርቅ የሆነ ዕቃ ይወደድ ነበር። የመንግሥት ደመወዝ ግን አዲስ አበባ በሚወጣ ስኬል የሚወሰን እንጂ በአላፊው ቁጥር የሚወጣና የሚወርድ አይደለም። ደግሞም ከዓመታት በፊት የተመረቁት ገና ተሰልፈዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ አበባና ዓለማያ፣ ብቻ የነበራት አገር ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት፤ ጭሮም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ከመሆን አልፋ የራሷ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አላት። (ከተማዋን የጨርጨር መቀመጫ አድርገው ያደራጇት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩስያ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። በእሳቸው ዘመን ሥራ ፈላጊ ምሩቅ የሚባል ነገር አልነበረም።)

የግል ኮሌጁ ሒሳብ ለብቻው ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚማረው መምህር ወይም የቀበሌ ሠራተኛ ደመወዙን ስለማያቋርጥ የጊዜ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ዲግሪውም ደረጃ ያሳድገዋል። ለእሱ አደጋው የመውጫ ፈተናው ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት የተፈተኑት 72,203 ሆነው ያለፉት 12,422 ብቻ ነበሩ። አንድ ዲግሪ ለማውጣት ወደ ስድስት የሚጠጉ ሰዎች ከፍለዋል ማለት ነው። የወደቀው ደግሞ ሊፈተን ይችላል፤ አኃዙም ከዙር ዙር ይለያያል። እኔ ግን ከመመዝገቢያ ክፍያው በፊት ኮሌጁ በዚያው የትምህርት ዘርፍ ስንት አሳለፈ የሚለውን እጠይቃለሁ። መልሱ ከመቶ ሃያ ከሆነ የተለጠፈውን ክፍያ በአምስት ማባዛት ነው።

ከዲግሪውና ከጫቱ ሌላ ሦስተኛው ተፎካካሪ ታህሪብ ነው፤ በጅቡቲ ወይም በቦሳሶ ባሕሩን ተሻግሮ በየመን ወደ ሳዑዲ። ለደላላ የሚከፈለው ከዚያው ከቤተሰቡ ጫትና ከብት ነው፤ ሕይወት የሚያስከፍል ጉዞም ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እነዚህ ሦስቱ እንደ አማራጭ አይቆሙም፦ አንዱ ልጅ ማሳው ላይ፣ አንዱ ሪያድ፣ አንዷ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የሪያዱ ብር የእህቱን ክፍያ ይሸፍናል። ለሦስቱ ልጆች የተለያየ ነገር የሚያደርገው አባት ኢኮኖሚስት ባይባልም ገንዘቡን አንድ ቦታ አላስቀመጠም።

በዚህ አከፋፈል ውስጥ የተመራቂዋ ድርሻ ከፔሮሉ ይሰፋል። ወንድሟ ከማይክሮፋይናንስ ለጫት ንግዱ ሲበደር ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ አምጣ ይባላል። የአጎቷ ልጅ ሹፌር ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠርም እንዲሁ ነው። ዋሷ የደመወዟን መጠን ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር ትቀርባለች፤ የሚፈቀደው ብድርም ያችን መጠን ያያል። የ11,500 ብር ደብዳቤ ከ6,000 ብሩ የሰፋ በር ይከፍታል። ወንድሟ ሳይከፍል ሲቀር የሚቆረጠው ግን ከእሷው 8,595 ብር ላይ ነው።